በቁሙ የተለቀሰለት ሞተሪስት

ስልኩ ሲጠራ ሞጣ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። የደወለው ከድር ነው፤ ድሮ ቢቸና ወፍጮ ቤት አብሮን የሠራው የደሴው ሰው፣ የመብራት ባለሙያው። «ውዴ፣ ጋሽ ምንይችል አረፈ» አለኝ። «ምን? መቼ? ማን ነገረህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ኧረ ቀስ በይ፣ አደነቆርሽኝ እኮ!» ብሎ እሱም ጮኸብኝ። ከዚያ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ሳቁ አመለጠን። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይሆንለትም። እንባዬ እየወረደ ነው የምስቀው። በመንገድ የሚያልፉት ሰዎች «ምን አገኛት ይቺን ሴትዮ?» እያሉ ቆመው ያዩኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው? ጋሽ ምንይችል ሲሞት ይኼ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ለቅሶ ላይ እኔም ነበርኩ፤ እሱም ነበር።

ልንገራችሁ፤ ካልነገርኩ ያፍነኛል።

ጋሽ ምንይችል ቢቸና ውስጥ የእትዬ ጥሩወርቅ ወፍጮ ቤት ሞተሪስት ነበር። ሞተሪስት ስላችሁ እንደ ዛሬው ቁልፍ ተጭኖ ወንበር ላይ የሚቀመጥ እንዳይመስላችሁ። የናፍጣ ሞተር ነው፤ የቆመ በሬ የሚያህል፣ ከጎኑ ትልቅ መዘውር ያለው፣ በማኒቬላ፣ በቆልማማው ብረት፣ ተጠምዝዞ የሚነሳ። እሱ ስም አውጥቶለታል፤ ሻለቃ። «ሻለቃ ዛሬ ከፍቶታል»፣ «ሻለቃ ዘይት ጠምቶታል»፣ «ሻለቃን አትጠጉት፣ ገና መሞቁ ነው።» እኛም ለመድነው። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የእውነት ሻለቃ ስንዴ ሊያስፈጩ መጥተው ተራቸውን እየጠበቁ ሳለ፣ ጋሽ ምንይችል ከውስጥ «ይኼ ሻለቃ ዛሬም አልነሳ ብሏል፣ እስቲ አንድ ጊዜ በእርግጫ በሉልኝ!» አለ። ሰውዬው ከዘራቸውን ይዘው ዘለው ገቡ። እሳቸውን ከሞተሩ ጋር እስክናስተዋውቃቸው ድረስ አሳራችንን በላን።

እኔ ተራ አስያዥ ነበርኩ። «ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ» እያለ የሚጣላውን ሁሉ አስታርቃለሁ፤ ካልታረቀ እሰድባለሁ። ጋሽ ምንይችል ደግሞ አቅመ ደካማ ሲያይ ተራ ሳያስጠብቅ ያስገባብኛል። ስገባ ጊዜ ጋሽ ምንይችልን፣ አባቴን የሚያህል ሰው ነውና፣ «አንቱ» ብዬ ጀመርኩ። ተቆጣ! «ላብ አደር አንቱ አይባልም!» አለ። በደርግ ጊዜ ለሞተር ሥልጠና ልከውት ነበርና ላብ አደር የሚለውን ቃል ከዚያ ይዞት መጣ። መንግሥት ሲለወጥ ሌላው ሁሉ ቃሉን ጣለው፤ እሱ ግን እንደ ማዕተብ አንገቱ ላይ አሰረው። እትዬ ጥሩወርቅንም «ባለሀብቷ» ነው የሚላቸው፤ ሲናደድባቸው «አንቺ ባለሀብት!» እሳቸውም መልሰው «አቤት፣ ጓድ!» ይሉታል። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ዓመት ኖሩ።

መታወቂያ ሊያሳድስ ቀበሌ የሄደ ጊዜ ጸሐፊው «ሥራ» በሚለው ቦታ «የግል» ብሎ ጻፈለት። መለሰው። በማግሥቱ «ተቀጣሪ» አለው። መለሰው። በሦስተኛው ቀን ቱታውን እንደለበሰ፣ ዘይቱ ከእጁ እየተንጠባጠበ ሄደና ጠረጴዛው ላይ መዳፉን ዘረጋ። «ይኼ ምን ይላል? አንብበው!» አለው። ጸሐፊው የዓመት ወረቀቱ ሊበላሽበት ነውና ቶሎ ብሎ «ላብ አደር» ብሎ ጻፈለት። ያን መታወቂያ ያላየ ሰው ቢቸና ውስጥ አልነበረም። ሠርግ ቤት ሄዶ ለሙሽራው አሳይቶታል፣ በእውነት!

መልኩ ምን እንደሚመስል ግን ማንም አያውቅም ነበር። አላጋነንኩም። ከፀጉሩ እስከ አንገቱ ጥላሸትና የሞተር ዘይት ነው፤ የሚታየው ጥርሱና ዓይኑ ብቻ። ሰላም ሲል ክርኑን ነው የሚያቀብለው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጋቢው እንደ ወተት፣ ፊቱ ያው። «ጋሼ፣ ምናለ ትንሽ ሳሙና ብታስነካው?» ስለው «ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይታያሉ፤ እኔም ሙያዬን ይዤ ልታይ» ይለኛል።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። የናፍጣ ወፍጮዎች ሁሉ ጭስ ማውጫቸው ጫፍ ላይ ፉጨት የሚያወጣ ቆርቆሮ ይገጠምላቸዋል። ሞተሩ ሲሠራ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ገጠር ድረስ ይሰማል፤ ገበሬው ያን ሰምቶ ነው አህያውን የሚጭነው። የጋሽ ምንይችል ደግሞ ተራ ቆርቆሮ አይደለም፤ ከመድፍ ቀለህ ቆርጦ የሠራው ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ገደል የሚሻገር። የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ሰው ጆሮውን ቀና አድርጎ «ይኼ የምንይችል ነው» ብሎ ይለየዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን በገበያ ቀን ያ ድምፅ የጠፋበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እናቱ የተቀበሩ ዕለት። ይህን ያዙልኝ።

ጭሱ ግን ጨረሰን። ጎረቤቱ ነጭ ልብስ ማስጣት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። የእኔ ንፍጥ ጥቁር ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ጥቁር ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ሳላቸው ሲነሳ ግድግዳ ይይዛሉ። ጋሽ ምንይችልም ያስላል፤ ስትጠይቁት «ሳል አይደለም፣ ሞተር ማሞቂያ ነው» ይላል። ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከግድብ የሚመጣው መብራት ለወፍጮ የሚበቃ ኃይል ይዞ እኛ ሰፈር ገባ። እትዬ ጥሩወርቅ አላመነቱም። «ከእንግዲህ ጭስ በቤቴ አይገባም» አሉና ከድርን አስጠሩት።

ከድር የመብራቱን ሞተር ይዞ መጣ። አንድ ሰው አቅፏት ሊገባ የሚችል ትንሽ ነገር ናት። ጋሽ ምንይችል ሁለቴ ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየና «እሺ፣ ይቺ ልጅቷ ናት። እናቷስ የት አለች?» አለ። ከድር ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«እና እኔስ?» አለ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞሮ።

«አንተማ ትኖራለህ እንጂ» አሉት።

«ምን ሆኜ?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውዬው ስለ እንጀራው አይደለም የጠየቀው፤ እንደማያባርሩት ያውቃል። ሻለቃ ከሌለ ሞተሪስት የለም። ሞተሪስት ከሌለ ምንይችል ማነው? እሱን ነው የጠየቀው።

«ቁልፍ ተጫኝ ልሁን?» አለ ቀጥሎ። «ቁልፍማ ዶሮም በምንቃሯ ትጫነዋለች! እኔ እጄን አላስነካውም!» ብሎ በእናቱ አጥንት ማለና ተቀመጠ።

እትዬ ጥሩወርቅ ብልህ ሴት ናቸው። «እንግዲያው ሁለት ገበያ እንሞክረው» አሉት። «ሰው ከመጣልን ሻለቃ ቁርጥራጭ ብረት ለሚሰበስቡት ይሰጣል። ካልመጣልን አንተ ሻለቃህን ታስነሳለህ፤ እኔም አፌን ዘግቼ እስላለሁ።» ተስማማ። ወሩ ጥር ነው፣ የሠርግ ወር፤ እህል እንደ ጎርፍ የሚመጣበት። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አልነበረም።

ከድር «ይኼ ሞተር ዘይትና ጥላሸት አይወድም» አለና ቤቱን ሁሉ አሳጠበ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ የት እንዳዩት እንጃ፣ ለጋሽ ምንይችል ነጭ ጋዋን አሰፉለት። «ይኼን ለብሰህ አንድ ጥላሸት ባይብህ!» ቢሉት እያጉረመረመ ታጠበ። ሁለት ሳሙና ፈጀ። ሲወጣ ከውስጡ ሌላ ሰው ወጣ! ጠይም፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ጉንጩ ስርጉድ የሚል።

«አረግ! ጋሼ፣ አንተ ቆንጆ ነበርክ እንዴ?» አልኩት።

«ዝም በይ አንቺ!» አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ባየው ግን የከድር ሞተር ሳይክል መስታወት ላይ ተደፍቷል።

የመጀመሪያው ገበያ ደረሰ። ከድር ቁልፉን ተጫነ፤ ዝዝዝ አለ፤ በቃ፣ ይኼው ነው። የከተማው ሴቶች መጡልን፤ ግን ሃያ ዓመት የለመዱትን ጩኸት ይዘው ነው የመጡት። ሻለቃ ባለበት ዘመን ሰው ምሥጢሩን የሚያወራው እየጮኸ ነው፤ ማንም አይሰማማ! አንዷ ለጓደኛዋ ባለ በሌለ ድምጿ «ምራቴ እኮ ሽሮ ማላመጥ እንጂ መሥራት አታውቅም! አደራ፣ ለሰው እንዳትናገሪ!» አለቻት። ምራቷ በተራ ሦስተኛ ናት። እዚያው ተያያዙ። ሌላዋ ያዋሰቻትን ወንፊት አልመልስም ስላለች ጎረቤቷ የምታስበውን ሁሉ ለመንገደኛው በነጻ አሰማች። እኔ መሐል ገብቼ «ኧረ ዝም በሉ፣ ይሰማል!» እላለሁ፤ እኔም እየጮህኩ።

ከገጠር ግን አንድ ሰው አልመጣም። አህዮቹ እንደተጫኑ በደጃችን ያልፋሉ፤ ገበያውን ተሻግሮ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ቱክ ቱክ ይላል፤ ወደዚያ ይነዳሉ። ጋሽ ምንይችል እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከትቶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። «ያቺን ዳለቻ አየሻት? የእኛ ነበረች። ወዲያ ሄደች። እሰይ! ያቺም ሄደች። እሰይ!» ይላል። እሰይ ይበል እንጂ ፊቱ ሌላ ነው፤ አሁን ፊት ስላለው ይታያል።

በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ እንደ ወትሮው ድንጋዩን ወቀረ። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ይለሰልሳል፤ ያኔ ተነስቶ፣ ተገልብጦ፣ በስለታም መዶሻ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ መሻከር አለበት። ሳይበዛ፣ ሳያንስ። በዝቶ ከተወቀረ ዱቄቱ አሸዋ ይሆናል፤ ካነሰ እህሉ ይቃጠላል። ቢቸና ውስጥ እንደሱ የሚወቅር አልነበረም። እሱ ግን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም፤ «ይኼማ እጅ ማፍታቻ ነው» ይላል። ለእሱ ሥራ ማለት ሻለቃ ነው።

ሁለተኛው ገበያ። ረፋዱ ላይ ከታች በኩል ዋይታ ተሰማ። ወጥተን ብናይ ሃያ የሚሆኑ የገጠር ሰዎች፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ «ወይኔ ምንይችል! ወይኔ ወንድሜ!» እያሉ ወደ እኛ ይመጣሉ። መኖሪያው እዚያው ወፍጮ ቤቱ ግቢ ነበርና ለቅሶ ቤቱም እሱ ነው። ከኋላቸው አህዮች አሉ። በአንደኛው አህያ ለሐዘንተኛ የሚወሰደው እንጀራና ወጥ፣ እዝኑ፤ በሌሎቹ ጤፍና ስንዴ። መቼም ከመጡ አይቀር ብለው።

እኔና ከድር ደርቀን ቀረን። ከፊት ያሉት ሽማግሌ አያ ካሤ ናቸው፤ ከጋሽ ምንይችል ጋር በየገበያው እየተሰዳደቡ የኖሩ ወዳጁ። ነጩን ጋዋን አዩና ቀጥ ብለው ወደ ራሱ ወደ ጋሽ ምንይችል ሄዱ። ጎንበስ አሉ። «ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት ያከሙት?»

ጋሽ ምንይችል ትክ ብሎ አያቸው። አላወቁትም! «እኔ ነኝ» አለ።

«ባለፈው ገበያ ሞተሩ ዝም ሲልብን ጊዜ ተሰብስበን መከርን። ዝም ያለው እናቱ የሞቱ ዕለት ብቻ ነበር። አሁን እናት የለው፤ እንግዲያው ራሱ ነው አልን። ምን ገደለብን፣ ዶክተር?»

ጋሽ ምንይችል ዞር ብሎ ከድርን አየው። «መብራት ገደለው» አለ።

«እግዞ! መብራት ያዘው!» ዋይታው እጥፍ ሆነ። ከድር ፊቱን ባዶ ጆንያ ውስጥ ከተተ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ፤ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈውኝ «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ» ይሉኛል። ሞቼ ነበር በሳቅ።

አልቃሿ መሐል ገባች።

«ምን ነካው ደጃፉ፣ ምን ነካው ቤቱ፣
እንደ ሐር ነበረ ያንተ ዱቄቱ።

ድንጋይ የወቀረ ያ እጁ ተኝቶ፣
ማን ይፈጭልናል እንዲህ አርጎ አጣርቶ።

ተራ ለሌላቸው ተራ እየሰጠ፣
የድሀ ጠበቃ ዛሬ አመለጠ።»

ሁሉም ደረቱን ይመታል። ጋሽ ምንይችል የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ሦስት ሙሾ ጠበቀ፣ አራት ጠበቀ፣ ተቁነጠነጠ። ጠጋ ብሎ የአልቃሿን ክንድ ነካ አደረገ። «ስለ ሞተሩ የለሽም?»

«የምን ሞተር፣ ዶክተር?»

«ሻለቃ ነዋ! ሃያ ዓመት ያስነሳው! ማኒቬላው! ናፍጣው!»

«ኧረ እሱ ጭስ ነው። ለጭስ አይለቀስም» አለችና ወደ ሙሾዋ ልትመለስ ስትል ባሰበት።

«እንዴት ያለ ነገር ነው! እኔ ለሻለቃ ዕድሜዬን ሙሉ ሰጥቼ!»

አያ ካሤ ቀስ ብለው ቀረቡት። አፍንጫውን አዩ። ጉንጩን አዩ። ማንንም አልመሰላቸውም።

«እስቲ ሳቅ» አሉት።

ጥርሱን አሳያቸው።

«ጥርሱ ነው! ወንድሞቼ፣ ጥርሱ ነው! ምንይችል ነው!»

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! ዋይታው ሳይቋረጥ እልልታ ሆነ። ሴቶቹ በቡጢ እየደበደቡ ያቅፉታል። «አስለቅሰኸን! አንተ መናጢ! ዶክተር ነኝ ብለህ!» አልቃሿ «ሙሾዬን መልስልኝ!» ትለዋለች። ነጩ ጋዋን ተቀደደ። አያ ካሤ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሃያ ዓመት ሳውቅህ መልክህን ዛሬ አየሁት። ያ ጭስ ደብቆን ኖሯል» አሉና አለቀሱ፤ አሁን የእውነት። እዝኑ እዚያው ተከፈተ። ጋሽ ምንይችል የራሱን እዝን ተቀምጦ በላ። ወጥ ሁለቴ አስጨመረ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሁሉንም ከበረንዳ ሲያዩ ቆይተው ወረዱ። እየሳቁም እየሳሉም ነው። «በቃ፣ ጓድ፣ አሸነፍክ» አሉት። «ድምፅ ከሌለ ገጠሩ አይመጣልኝም፤ በየሳምንቱ ደግሞ እዝን ማስተናገድ አልችልም። እህላቸው ይኼው ደጃፍ ላይ ነው። አስነሳው ሻለቃህን።»

የጠበቀው ቃል ይኼ ነበር። ማኒቬላውን አንስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ሁላችንም ጆሯችንን ይዘን ጠበቅን። ምንም የለም። አሁንም ጠበቅን። ምንም። ተከትዬው ብሄድ ሻለቃ ሥር ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀምጧል፤ ማኒቬላው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ምነው ጋሼ? እምቢ አለህ?»

«አልነካሁትም» አለኝ። «ሰምተሻል አይደል? አልቃሿ ስለ ሻለቃ አንዲት ቃል አልወጣትም» አለ።

«እነሱ ስለ ሞተር ምን ያውቃሉ፣ አይክፋህ።»

«አልከፋኝም። እኔ ላቤ እዚህ ውስጥ ያለ ነበር የመሰለኝ» አለና የሻለቃን ሆድ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «እነሱ ግን የሚያውቁት ዱቄቱን ነው። ድንጋዩን ማን እንደሚወቅር ያውቃሉ። ማን ለማን ተራ እንደሚለቅ ያውቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት። በምን ልስማው፣ ይኼ እየጮኸብኝ!»

እንባው በንጹሕ ጉንጩ ላይ ወረደ። ጥላሸቱ ቢኖር አላየውም ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ማባበል አይሆንልኝም፤ የሚሆንልኝ መቆጣት ነው። «ኤዲያ! ሃያ ሰው በቁምህ አልቅሶልሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ተነስ! እህል ቆሞ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

ማኒቬላውን ሻለቃ ጎን አስቀመጠው። ወደ ቤት ገባ፣ ከድርን «ዞር በል» አለው፣ አማተበና ቁልፉን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ዝዝዝ አለ። ጣቱን ገልብጦ አየው፤ ምንም አልነካውም። «ማልኩ አይደል እንዴ» አለ ለራሱ። «እናቴ ይቅር ትበለኝ፤ እሷም ጭስ አትወድም ነበር።» ከዚያ በተቀደደው ጋዋን ወደ ገበያው ወጣ። ምን አደረገ መሰላችሁ? በአፉ ቱክ ቱክ ቱክ! ያን የመድፍ ቀለህ ድምፅ፣ ወፍራሙን፣ አንድ ሳይዛነፍ! ጉንጩን ነፍቶ፣ ክርኑን እንደ መዘውር እያዞረ፣ በእህል ተራ ገብቶ በበርበሬ ተራ ወጣ። ለቀስተኞቹ አህያቸውን እየነዱ፣ እልል እያሉ ከኋላው። ሙሽራ አስመሰሉት። የዚያኛው ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠባቂዎች ሳይቀሩ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ እያደረጉ ተከተሉት። ወፍጮው ያን ቀን ሳያርፍ ዋለ፤ እኔም ተራ ማስያዝ አቅቶኝ ቁጭ አልኩ። ገጠሩ ዝምታውን እስኪለምድ ድረስ ለሁለት ወር ያህል በየገበያው እንዲህ እየዞረ ጠራ።

ሻለቃን መኪና መጥቶ ሲጭነው ከተማው ጫፍ ድረስ በእግሩ ሸኘው። ሲመለስ ቀጥ ብሎ ገባ፣ ድንጋዩን አነሳ፣ ገለበጠ፣ መዶሻውን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ያዢ» አለኝ።

«ምን ላድርገው? ሴት ወፍጮ ስትወቅር የት አይተህ ታውቃለህ?»

«የሞተ ሰው እዝን ሲበላስ የት አይቼ አውቃለሁ? ያዢ!»

የመጀመሪያው ምቴ ፍንጣሪ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሳቀብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰድበኝ ኖረ፤ «አትደብድቢው፣ ጣትሽ ይስማው!» እያለ። እሱ በዚያ ወፍጮ ቤት እስኪደክም ሠራ፣ እትዬ ጥሩወርቅም ሳላቸው እየቀነሰ ሄደ። እኔን ያ መዶሻ ሞጣ አመጣኝ፣ ልጆች አሳደገልኝ፣ ዛሬ ከዚህ እስከ ገጠሩ ወፍጮ ሲለሰልስ የሚጠሩት እኔን ነው። ማንም ያላሰበውን ሙያ ሰጥቶኝ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላመሰገንኩትም። ስወደው እጮህበት ነበር፣ ሲሳሳትም እጮህበት ነበር።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ ቢቸና እሄዳለሁ። ከድርን ተሰናብቼ ስልኩን ስዘጋ አንዲት ደንበኛ ከወፍጮው ሥር ዱቄቷን በሁለት ጣቷ እየፈተገች ነበር። «ወይ መላሙ! ይኼን ድንጋይ ማነው የወቀረው?» አለችኝ። ሁልጊዜ «እኔ ነኝ» ነው የምለው። ዛሬ አፌ እምቢ አለኝ።

«ጋሽ ምንይችል የሚባል ላብ አደር ነው» አልኳት።

ማን እንደሆነ አታውቅም። «እጁ ይባረክ» አለችና ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች።